ደህና ናቸው ይላሉ

መሥሪያ ቤታችን ሠራተኞቹን ለመስክ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሲልክ፣ ስለሚሄዱበት ቦታ አስቀድሜ የማጣራው እኔ ነኝ። የትኛው መንገድ በዝናብ እንደተቆረጠ፣ ነዳጅ የት እንደሚገኝ፣ የሚያድሩበት ቤርጎ ባኞ ቤቱ ውሃ ይኑረው አይኑረው፣ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ሁሉንም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በስልክ እጠይቃለሁ። ባልደረቦቼ «መርማሪዋ» ይሉኛል። ሲያሾፉብኝ ነው። እኔ ሳልጠይቅላቸው የሄዱ ጊዜ ምን መስለው እንደሚመለሱ ስለማውቅ ሹፈታቸው አይከነክነኝም።

ከሥራው የተማርኩት ዋና ነገር ግን መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የቤርጎ ባለቤት ዘንድ ደውለህ «ውሃ አለ ወይ?» ብትለው «ሞልቶ!» ይልሃል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንድትመጣለት ስለሚፈልግ ነው። እንድትመጣለት የሚፈልግ ሰው ስለ ቤቱ ደህና ደህናውን ብቻ ነው የሚያወራህ። ስለዚህ ባለቤቱን እተውና በቅርብ እዚያ ያደረ ሹፌር እፈልጋለሁ። ሹፌሩንም «ቤቱ እንዴት ነው?» አልለውም፤ «አሪፍ ነው» ብሎ ይዘጋብኛል። «ምን አናደደህ?» ነው የምለው። ያኔ ቁንጫውም፣ የማይዘጋው በርም፣ ሲጮህ ያደረው ጄኔሬተርም ተራ በተራ ይወጣል።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው፣ ካቻምና የገዛ አባቴን ወደ ትውልድ አገሩ ልወስድ ስነሳ ዕውቀቴን ቢሮ ቆልፌበት የመጣሁ ይመስል ነበር።

አባቴ ኮልፌ የገባው ጢም ሳያበቅል ነው። ከወልቂጤ ወዲያ ካለ የጉራጌ ገጠር መጥቶ፣ አጣና ተራ መጀመሪያ የሰው አጣና ተሸከመ፤ ቆይቶ የራሱን ደርድሮ ሸጠ፤ እኔንም በዚያው አሳደገኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ሥራ ካቆመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባርኔጣውን ደፍቶ 18 ማዞሪያ ይወርዳል። ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ደጃፍ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚመጣ የሚሄደውን ያያል። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሲያይ ይጠራዋል።

«አገሩ እንዴት ነው?»

«ሰላም ነው አባባ።»

«እህቴስ?»

«ደህና ናቸው። ሰላም ብለዎታል።»

አባቴ «እግዜር ይመስገን» ይልና ፊቱን ወደ ታክሲዎቹ ይመልሳል። ደግ ወሬ የሰማ ሰው ፊት ግን አልነበረም፤ እኔም ለምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር።

እህቱን፣ አክስቴን ማለት ነው፣ «እትዬ» ነው የሚላቸው። እናታቸው ገበያ ስትውል በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት፣ አዲስ አበባ ልግባ ብሎ ሲነሳም ስንቁን የቋጠሩለት እሳቸው ናቸው። ከእናት አባቱ ልጆች መካከል የቀሩትም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መስቀል ሲደርስ የኮልፌ ግማሹ ይነቀላል። ሱቁ ይዘጋል፤ ፍራሹም፣ ጃንጥላውም፣ ለዘመድ የተገዛው ጫማም መኪና ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ያልተያየ ወንድምና እህት አገር ቤት ክትፎ ፊት ይገናኛል። አባቴ ብቻ ይቀራል። «ዘንድሮስ?» ስለው «ለከርሞ» ይለኛል። አንዱን ዓመት ጭቃውን፣ አንዱን ዓመት ጉልበቱን ያመካኛል። ካቻምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ከአልጋው ሲነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመረ። እሱ ግድግዳ ከያዘ ታላቅ እህቱ ምን ይዘው ይሆን የሚነሱት ብዬ አሰብኩ። ከሁለቱ አንዳቸው ሳያርፉ መተያየት ካለባቸው፣ ለከርሞ የሚባለው ነገር ከእንግዲህ እንደማያዋጣ ገባኝ።

ስለዚህ ለሰው የምሠራውን ለአባቴ ሠራሁ። ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ወልቂጤ ድረስ ሐሳብ የለም፤ አስፋልት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በክረምቱ ተቦርቡሯል። ትንሹ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ አንድ ጎኑ ስለሰመጠ መኪና አያሻግርም፤ ሰው ወርዶ በእግሩ ይሻገርና ማዶ ሌላ መኪና ይይዛል። የመጨረሻዋን ቁራጭ የሚወስደው ሞተር ነው፤ ሞተር ደግሞ ለአባቴ ጉልበት አይሆንም። በቅሎ ያለው ሰው አፈላልጌ አገኘሁ። ቦቲ ጫማ ገዛሁለት። የግፊት መድኃኒቱ ቢያልቅ የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ ሳይቀር ጠየቅሁ። ከዚያ አንድ እሑድ ምሳ በልተን ስንጨርስ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኩት። ደስ ብሎት የሚመርቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ጥሩ አጣርተሻል» አለኝ። «አንድ ነገር ግን አልጠየቅሽም።»

«ምን?»

«እትዬ በሕይወት አለች ወይ?»

ሳቅሁ። «አባዬ፣ ትናንት ከልጃቸው ጋር አይደል እንዴ ያወራሁት? ደህና ናቸው አለኝ።»

«እሱማ ምን ይበልሽ?» አለ፤ እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ከዚህ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። ጎረምሳ ሆኖ አጣና ሲሸከም ሳለ የአገሩ ልጆች መጡና «እናትህን ትንሽ አሟት ነው፤ ሄደን እንጠይቃት» አሉት። ብርቱካን ገዛላት። ያን ጊዜ መንገዱ ድንጋይ ነው። ብርቱካኑ እንዳይጎዳ ብሎ መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ ታቅፎት ሄደ። ጓደኞቹ ያጫውቱታል፤ እሱም ይስቃል። እንዴት ናት ባላቸው ቁጥር «ደህና ናት፣ ደርሰህ ታያት የለ!» ይሉታል።

«ሰፈራችን ስንደርስ ሜዳው ላይ ሰው ተሰብስቧል» አለኝ። «ጥቁር ለብሰዋል። ብርቱካኑን እንዳቀፍኩ ቆምኩ። ማን ከእጄ እንደተቀበለኝ እስከዛሬ አላውቅም። እኔን ያቃጠለኝ ምን መሰለሽ? መሳቄ ነው። እናቴ አፈር ገብታ እኔ መኪና ላይ ስስቅ ነበር።»

አባቴ ብርቱካን ሲበላ አይቼው እንደማላውቅ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ሆዱን የማይስማማው ይመስለኝ ነበር።

«አሁንም እንደዚያ ከሆነስ?» አለኝ። «እትዬ ሞታ ከሆነ፣ ና ብለው እዚያ ወስደው ሊያረዱኝ ነው። ሁለተኛ አልችለውም። እዚህ ሆኜ ደህና ናት ሲሉኝ ቢያንስ ግማሹን አምናለሁ።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። አንድ ሰው እህቱ እንዳትሞትበት ብሎ እህቱን ሳያይ ይኖራል? ቆይቼ ሳስበው ግን የምናደድበት ሰው አጣሁ። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ጎረቤታችን ልጃቸው ሩቅ አገር የሞተባቸው ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ እሳቸው ብቻ ሳይሰሙ ዋሉ። እኔ ራሴ ከሱቅ ስመለስ በራቸው ላይ አግኝቻቸው፣ ሌላ ጊዜ ልጃቸው ደውሎ እንደሆነ እንደማልጠይቃቸው ሁሉ ያን ቀን አፌን ይዤ «እንደምን ዋሉ» ብቻ ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ የዕድር ሽማግሌዎች ቀድመው፣ ሴቶች ተከትለው በራቸውን አንኳኩ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ብቻቸውን እንዳይሰሙ፣ ሲወድቁ የሚይዛቸው እጅ አጠገባቸው እንዲኖር ነው። ከዚህ የበለጠ ደግነት አላውቅም። ነገር ግን በዚሁ ደግነት ምክንያት፣ ደህና ነው የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ደህና ለሆነውም ላልሆነውም አንድ ሆኖ ቀርቷል። አባቴ ጠይቆ የሚያምነው መልስ አልነበረውም።

እኔ ግን መርማሪ ነኝ። ማስረጃ ላቀርብለት ተነሳሁ።

የአክስቴ ልጅ ዘንድ ደወልኩና «እሳቸውን አገናኘኝ» አልኩት። «ገበያ ሄዳለች» አለኝ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ፤ እናቱን ባነሳ ቁጥርም እንዲህ ነበር የሸነገሉት። በሌላ ቀን ስደውል አገኘኋቸው። አክስቴ ጆሯቸው ደክሟል፤ ስልክም አይወዱም፤ አንድ ሁለት ቃል ጮኸው ስልኩን መለሱት። «ይኸው!» አልኩት አባቴን። «ይቺ ሴት ልጇ ናት» አለ፤ «ድምፅዋ ከእናትዋ ጋር አንድ ነው።» ፎቶ አስላክሁ። አክስቴ በራቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየውና «መቼ የተነሳችው ነው?» አለኝ። ትናንት አልኩት። «ማን አለሽ?» ልጃቸው አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ስልኩን መለሰልኝ። ጠበቃ ቢሆን ኖሮ የሚረታው ሰው አይኖርም ነበር።

በመጨረሻ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ያ ልጅ ስደውልለት ሁሌ ከመጠን በላይ ደስ ይለዋል፤ «ኑ ብቻ! ኑ ብቻ!» ይላል። ለምን ይሆን እንዲህ የሚያጣድፈን? አንድ ቀን ቢሮዬ ተቀምጬ፣ ምናልባት አባቴ ልክ ይሆን እንዴ አልኩ። እውነት ከሆነ፣ ያንን የሚንቀጠቀጥ ጉልበት በበቅሎ ጭኜ ወደዚያ ሜዳ የምወስደው እኔ ነኝ። የያዝኩትን ሁሉ ልሰርዝ አሰብኩ።

መስቀል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአባቴ ጋር ማዞሪያ ወረድኩ። ከአገር ቤት ቅቤና ቆጮ እያመጣ ለኮልፌ ሱቆች የሚያስረክብ ሰውዬ ሸክሙን አውርዶ ከአግዳሚው አጠገብ ላቡን ይጠርጋል። የአክስቴ ጎረቤት ነው፤ አጥር ለአጥር ናቸው። አባቴ እንደ ልማዱ ጠየቀው። ሰውዬውም እንደ ሌላው ሁሉ «ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለዎታል» አለ። አባቴ «እግዜር ይመስገን» ብሎ ፊቱን ወደ ታክሲዎቹ መለሰ።

ያን ጊዜ ነው የቤርጎው ሹፌር ትዝ ያለኝ።

«እኔ የምልህ» አልኩት፣ «አክስቴ በጉርብትና እንዴት ናቸው? አያስቸግሩህም?»

ሰውዬው አባቴን በጎን አየት አደረገና «ኧረ ጥሩ ሰው ናቸው» አለ።

«ጥሩነታቸውን ተወው። ምን አናደደህ ነው የምልህ።»

መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ» አለ፤ «እህትዎ ግን ሰው አላኖር አሉ።»

ከዚያማ ማን ያቁመው። ጥጃው አጥር ጥሶ እንሰታቸው ውስጥ ገባ። አንድ ቅጠል ነው የቀነጠሰው። አክስቴ ጥጃውን ይዘው አሰሩት፤ አልለቅም አሉ። ሊለምናቸው ሲሄድ ሰው ፊት አዋረዱት። ሚስቱን አማላጅ ቢልክ እሷንም ደርበው ሰደቧት። ጥጃው የተለቀቀው አመሻሽ ላይ ነው፤ እሱም ሽማግሌ ገብቶ። ይኸው ትናንት እንኳ ወደዚህ ለመምጣት ሲነሳ በአጥሩ ላይ አሻግረው «ጥጃህን ሳታስር የት ትሄዳለህ!» ብለው መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸውበታል።

አባቴ ከአግዳሚው ተነሳ። የሱቁን ግድግዳ እንኳ አልያዘም።

«ምን ብላ ነው ያዋረደችህ?»

«ይቅር አባባ፣ ነውር ነው።»

«ግድ የለም፣ ንገረኝ።»

«ያልበሰለ ቆጮ አሉኝ» አለ ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ።

አባቴ ሳቀ። አባቴ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ታክሲ የሚጠሩት ልጆች ሳይቀሩ ዞረው አዩት። ሳቁ መሐል ላይ እንባው መጣ፣ እንባውን እየጠረገ ደግሞ ይስቃል። «እኔንም እንዲህ ነበር የምትለኝ» አለኝ። ሰውዬውን በሁለት እጁ ጨምድዶ አቀፈው። ሲከስ የቆየው ሰው ግራ ገብቶት ክንዶቹን አንጠልጥሎ ቆሞ ቀረ።

«አለች» አለኝ አባቴ በሰውዬው ትከሻ ላይ አሻግሮ። «እትዬ አለች።»

በኋላ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነበር። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው አይታማም። በሕይወቱ ሰፈር ያስለቀሰ እንኳ ቢሆን፣ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ የሚወራው ደግነቱ ብቻ ነው፤ ጥጃዬን አሰረብኝ ብሎ መቃብር የሚከስ ሰው የለም። ስለዚህ ደህና ናቸው የሚለው ሁሉ ምንም አላስረዳንም፤ አንድ የተናደደ ጎረቤት ግን በአንድ ትንፋሽ አስረዳን። ብዙ አገር አስጠይቄያለሁ፣ እንደዚያ ጠዋት ያለ መልስ ግን አግኝቼ አላውቅም።

ወደ አገር ቤት በወጣንበት ቀን፣ አየር ጤና መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ አባቴ «መጣሁ» ብሎኝ ጠፋ። ሲመለስ በፌስታል ብርቱካን ይዟል። ከላይ ከሻንጣው ጋር ላስቀምጠው ስለው አልሰጥ አለኝ። ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቀፈው። እስከ ወልቂጤ ድረስ ከመንገዱ ይልቅ እጆቹን ሳይ ነበር።

ያጣራሁት ሁሉ አንድም ሳይዛነፍ ጠቀመን። ድልድዩ እንደተባለው ሰምጦ ነበር፤ ሳያውቁ በራሳቸው መኪና የመጡ ሰዎች ከወዲህ ቆመው ሲጨቃጨቁ እኛ ቀስ ብለን በእግራችን ተሻገርን። ቦቲው ባይኖር ጭቃው ጫማውን ያስቀረው ነበር። በቅሎውም በተባለበት ቦታ ቆሞ ጠበቀን። አባቴ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም ያየ አይመስለኝም። ሜዳው ጋ ስንደርስ በቅሎውን አስቆመ። ሜዳው ባዶ ነው። ሁለት ላሞች ይግጣሉ። ለጥቂት ጊዜ አየውና «እንሂድ» አለ።

አክስቴ እንሰታቸው መሐል ነበሩ። ጎንበስ እንዳሉ ቀና ብለው አዩን። እኔ ይሮጣሉ፣ ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሮጡም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው መጡና አባቴ ፊት ቆሙ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አነሱና ራሱን ዳሰሱት። በጉራግኛ የተናገሩትን ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ሌላውን አባቴ ኋላ ነገረኝ።

«ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው ሲሉኝ ኖሩ» ነው ያሉት። «ደህና የሆነ ሰው እህቱን ሳያይ ይኖራል? ሞተሃል ብዬ ብቻዬን አልቅሼልህ ጨርሻለሁ። አሁን ብትሞት ከየት አምጥቼ ነው የማለቅሰው?»

አባቴ ብርቱካኑን ሰጣቸው። እዚያው ቆመው አንዱን ላጡ፣ ቀመሱና «ኮምጣጣ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የተላቀሱት።

መስቀልን እዚያው ዋልን። ወንድምና እህት ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ማን ቀድሞ ኩፍኝ እንደያዘው፣ ያቺን ላም ማን እንዳስጠፋት፣ እናታቸው ማንን አብልጣ ትወድ እንደነበር። ልንመለስ ስንነሳ አክስቴ ልጃቸውንና እኔን ጠርተው ቃል አስገቡን። ከእንግዲህ ደህና ናቸው የሚል ወሬ ብቻውን እንዳይመጣ። ስልክ ሲደወል፣ ከሰላምታው ጋር አንድ ቅሬታ ይጨመር። ቅሬታ ከሌለው አናምንም አሉ። አባቴም «እውነቷን ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ የአባቴ ደግ ዘመን ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የአክስቴ ልጅ ይደውላል፤ ስልኩን ጮክ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። «ያመጣህልኝ ሻሽ በአንድ እጥበት ቀለሙን ለቀቀ ብላለች።» «ጃንጥላው ንፋስ ሲነካው ይገለበጣል ብላለች።» «ያ ባርኔጣ አያምርብህም፤ ወታደር አስመስሎሃል፣ አውልቀው ብላለች።» አባቴ በደስታ ይቀላል። መልሱን ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰላስል ይከርማል። «የሰጠችኝ ቅቤ ጨው በዝቶበታል በላት» ይላል፤ ቅቤው ግን እንደ መድኃኒት በማንኪያ እየተቆነጠረ ነው የሚበላው። ማዞሪያ ላይም «እህቴስ?» ማለት ትቶ «እህቴ ማንን ሰደበች?» ይል ጀመር። አገር ቤት የሚመላለሰው ሰው ሁሉ ነገሩን ለምዶት እየሳቀ ይነግረዋል።

ዘንድሮ፣ በዓል በሌለበት አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወደ ቢሮ ልወጣ ስል ስልኬ ጠራ። የአክስቴ ልጅ ነው። እሑድ አይደለም።

ሰላም አለኝ። እኔን፣ ሥራዬን፣ አባቴን፣ የአባቴን ጉልበት ጠየቀኝ። ከዚያ «እማዬን ትንሽ አሟት ነበር» አለኝ። «ከተመቻችሁ አባትሽን ይዘሽ ብቅ ብትሉ ጥሩ ነው።»

«ምን ብለው ተቆጡ?» አልኩት።

ከኋላው ሰዎች ዝግ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ይሰማኛል።

«ምን ብለው ተቆጡ?» አልኩት ደግሜ። «ስለ ባርኔጣው ምን አሉ?»

«ምንም አላለችም» አለ። «ደህና ናት። ሰላም ትላችኋለች።»

ስንት ቦታ አስጠይቄያለሁ፤ ከዚህ በላይ የምጠይቀው አልነበረኝም። እንደ ወጉ ማድረግ ያለብኝን አውቃለሁ። ለዕድሩ ሊቀመንበር እነግራለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፣ እስከዚያ አባቴ እንደማንኛውም ቀን ይውላል። ስልኩን ዘግቼ ስዞር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን አድርጎ፣ ማዞሪያ ሊወርድ።

«ማን ነው?»

«የአክስቴ ልጅ።»

«ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ?» አለ። ቀጥሎም «ምን አለች?» አለኝ።

አንድ ቅሬታ ፈጥሬ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አያቅተኝም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቻቸዋለሁ፣ አነጋገራቸውንም አውቀዋለሁ። ስለ ቅቤው፣ ስለ ባርኔጣው፣ ስለዚያ ኮምጣጣ ብርቱካን አንድ ነገር ብል ስቆ ማዞሪያ ይወርድ ነበር። ነገ ጠዋት ግን መሳቁን ያስታውሳል። ያንን ልሰጠው አልቻልኩም። አፌ ያለውን አለ።

«ደህና ናቸው» አልኩት።

አየኝ። ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም፤ ሌላ ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረም። ቀስ ብሎ ግድግዳውን ይዞ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። በመንገዱ ታክሲዎች ያልፋሉ፤ ወያላው «መርካቶ! መርካቶ!» ይላል። ሄጄ አጠገቡ ቁጭ አልኩና እጁን ያዝኩት።

«መኪና ፈልጊ» አለኝ ቆይቶ። «ብርቱካን ግን እንዳትገዢ።»